አምቡላንስ ሄሊኮፕተር ለደጋው፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በቀላል ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ስለማስጀመር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በሰሜን ተራሮች ምጥ የጠናባት እናት እንዴት ሆስፒታል እንደምትደርስ ታውቃላችሁ። ጎረቤት ይጠራራል፣ ቃሬዛ ይነሳል፣ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ገደሉን ይዘዋት ይወርዳሉ። መኪና መንገድ ሲደርሱ አምቡላንስ ካገኙ እሰየው። በክረምት መንገዱ ከተቆረጠ ግን ጉዞው በእግር ይቀጥላል። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ እንዲህ የሚመጡትን የምንቀበለው እኛ ነን። ከወለደች በኋላ ደም በብዛት የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የቃሬዛው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይረዝማል።

ለዚህ መፍትሔ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም። ጀርመኖች በ1970 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ክሪስቶፍ 1 የተባለችውን የሕክምና ሄሊኮፕተር ሥራ ሲያስጀምሩ የመረጡት ቦ 105ን ነበር፤ ቀላል፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ጠባብ ቦታ ላይ የሚያርፍ። የአገሪቱ ጦር ደግሞ ያንኑ ዓይነት ሄሊኮፕተር ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጭኖ ተጠቅሞበታል። የአሜሪካ ጦር ላኮታ የሚለው ሄሊኮፕተርም ከሲቪል ገበያ የተወሰደ ነው። ያው የሄሊኮፕተር ቤተሰብ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በሽተኛ ያመላልሳል።

ዋናው ሐሳቤም ከዚህ ይነሳል። ጤና ሚኒስቴርና አየር ኃይል አንድ ዓይነት ሄሊኮፕተር ይምረጡ። የጥገና ቦታው፣ የመለዋወጫ መጋዘኑና የቴክኒሻኖች ሥልጠናው የጋራ ይሁን። ቢሾፍቱ ላይ ሄሊኮፕተር የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉን። ጤና ሚኒስቴር ብቻውን ሁለት ሦስት ሄሊኮፕተር ቢገዛ አንድ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ወራት ይጠብቃል። ያኔ ሄሊኮፕተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ኢኳዶር የደረሰባትን ተመልከቱ። ድሩቭ የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር ከህንድ ሰባት ገዛች። አራቱ ተከሰከሱ። በ2015 እ.ኤ.አ. ውሉን አቋርጣ የተረፉትንም ከበረራ አገደች። ገዢዋ ሻጩን፣ ሻጩ ደግሞ አብራሪዎቹን ወቀሰ። እኔ ለመፍረድ አቅሙ የለኝም። ግን የጥገና፣ የመለዋወጫና የሥልጠና ጉዳይ ከዋጋው እኩል በውሉ ውስጥ በዝርዝር መጻፍ እንዳለበት አምናለሁ። የህንድ የራሷ ድሩቮችም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ፖርባንዳር ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ በጅምላ ከበረራ ታግደው ነበር። አንድ ዓይነት መምረጥ ይህ ጣጣ አለበት፤ አልደብቅም። ስለዚህ የመሬት አምቡላንሱም የቃሬዛ ማኅበሩም መጠናከር አለባቸው።

ከፍታውን አደራ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደባርቅማ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚይዘው አየር ይቀንሳል። የሁለት ሞተር ጥቅሙ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርስህ ነው። ከፍታና ሙቀት ሲደመሩ ግን ያ የቀረው ሞተር ሙሉ ጭነቱን ላይችል ይችላል። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ኤች 145 የተባለ ሄሊኮፕተር አርጀንቲና ውስጥ 6,962 ሜትር ከፍታ ባለው አኮንካጓ ተራራ ጫፍ ላይ አርፏል። ደስ ይላል። የማሳያ በረራና በሽተኛ የጫነ በረራ ግን ይለያያሉ። ሻጩ ደባርቅ ድረስ ይምጣ። በቀትር፣ ከነአብራሪው፣ ከነነርሷ፣ ከነበሽተኛ አልጋውና ከነነዳጁ ተነስቶ ያሳየን። በሽተኛ ከኋላ በኩል በሰፊ በር የሚገባበት፣ የጭራው ማራገቢያም በክብ ሽፋን ውስጥ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። ሄሊኮፕተር ገጠር ሲያርፍ ልጅ አዋቂው እየሮጠ ይመጣልና።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። መጋዘኑ የጋራ ይሁን ስል ሄሊኮፕተሮቹ ይደባለቁ ማለቴ አይደለም። የሰማይ ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ የሚደነግጥበት፣ እናት ልጇን ይዛ የምትሮጥበት አካባቢ አለን። ትናንት ወታደር የጫነ ሄሊኮፕተር ዛሬ ወላድ ሊወስድ ቢመጣ ማን ያምነዋል? የሕክምናዎቹ ቀለማቸው ይለይ፣ በሩቅ የሚታወቅ የሕክምና ምልክት ይኑራቸው። መሣሪያም ወታደርም ፈጽሞ አይጫንባቸው። ትእዛዙም ከጤና ባለሙያ ይምጣ። ይህ በመመሪያ ሳይሆን በአዋጅ ቢደነገግ ይሻላል፤ መመሪያ በአንድ ደብዳቤ ይሻራልና። ባለሥልጣን ለስብሰባ እንዳይሄድበትም እዚያው ይጻፍ።

ሁሉንም በአንዴ አልጠይቅም። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ በሁለት ሄሊኮፕተር ይጀመር፦ አንዱ ሲጠገን ሌላው እንዲበር። ስንት ጥሪ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተሳካና ስንቱ በአየር ጠባይ እንደተሰረዘ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ሚኒስቴሩ ከመከላከያና ከሲቪል አቪዬሽን ጋር ተነጋግሮ አቋሙን በይፋ እንዲያሳውቀን እጠይቃለሁ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ ይነገረን።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ