የአራተኛዋ ፍየል አባት

ጅማ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። አራተኛ ክፍል ያስተማሩን የደብዳቤ መግቢያ አልጠፋኝም። ግን ካንተ ጋር ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያምርብኝም። እማማ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔ የላኩልህ አንድ መስመር ጽሑፍና የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምስል ነው። መጀመሪያ «ነገ እደውላለሁ» አልኩ። ከሳምንት በኋላ አፈርኩ። ከወር በኋላ እፍረቱ ራሱ ሰበብ ሆነኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። እግዜር ያጽናህ።

ጅማ ነኝ። ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ስሄድ ሚጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት ሞልቷታል። ወረቀቴ እስኪስተካከል ከሀምቡርግ ንቅንቅ ማለት አልቻልኩም፤ እሱን ታሪክ ታውቀዋለህ። የምሠራው እዚያው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ስልሳ ስልሳ ኪሎ ጆንያ በፎርክሊፍት ሳነሳና ሳወርድ እውላለሁ። አንዳንዱ ላይ «ጅማ 5» የሚል ይጻፍበታል፤ የደረጃው ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባየሁት ቁጥር ጆንያውን መታ መታ አደርገው ነበር፣ የአገር ልጅ ነው ብዬ። በኋላ ግን ቀናሁበት። ከጅማ ሀምቡርግ ለመድረስ የተጠየቀው ወረቀት ከኔ ያነሰ ነው።

ቤቴ ፊት ለፊት መዋዕለ ሕፃናት አለ። እዚያ በየዓመቱ ኖቬምበር 11፣ በኛ ህዳር መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል ይከበራል። ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ፋኖስ በእንጨት አንጠልጥለው፣ ሲመሻሽ እየዘፈኑ በመንገዱ ያልፋሉ። እናት አባቶቻቸው ከኋላ ከኋላ። የመጀመሪያውን ዓመት በመስኮት ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን የማታ ፈረቃ ስጡኝ እላለሁ። አለቃዬ ሥራ ወዳድ ነው ይለኛል።

እና ቅዳሜ ዕለት የሚጣ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር።

ሰኔ መሆኑን አትርሳ። የጅማ ሰማይ ተቀዷል። ከፈረንጅ አራዳ እስክንደርስ ያ ቀይ ጭቃ አዲሱን ጫማዬን ጨርሶታል። ሱፍ ለብሼ ነበር፤ ባለቤቴ «ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብላ ስቃብኛለች። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። መድረክ መሪዋ «ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ! ዌልካም!» ብላ በሦስት ቋንቋ ተቀበለችን። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከጀርመን ድረስ ለልጃቸው የመጡ ወላጅ በመካከላችን አሉ!» ጭብጨባ። ከባለቤቴ አጠገብ አስነስተው ፊት ለፊት፣ ሶፋ ላይ፣ የታሸገ ውኃ አጠገቤ አስቀምጠው ጎለቱኝ። የሶፋውን ዋጋ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ መዋጮ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት የመጻሕፍት መደርደሪያ ቃል ገባሁ። ሳላሰላው ከአፌ ወጣ።

ትያትሩ የካልዲ ነው። ያው እረኛው፣ ፍየሎቹ፣ ቀዩዋ ፍሬ። ነገሩ የሆነው እዚሁ አጋሮ አለፍ ብሎ፣ ጮጬ ላይ ነው ተብሎ ተተረከ፤ ማንም አልተከራከረም። (ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው የሚሉት ቦንጋዎች ቢኖሩ ኖሮ ትያትሩ አያልቅም ነበር። ለነገሩ የቡና ሙዚየሙም ያለው እነሱ ዘንድ ነው።)

ሚጣ አራተኛዋ ፍየል ናት። የምትናገረው ነገር የለም። ፍሬዋን ትበላለች፣ ትጨፍራለች፣ በቃ። ጆሮዋን ባለቤቴ የሠራችላት እኔ ባመጣሁላት የጫማ ካርቶን ነው። ግራው ጆሮ ላይ የጫማው ቁጥር፣ 32፣ እስካሁን ይነበባል። ጅራቷ የማዳበሪያ ገመድ። ለአምስት ዓመት በስልክ መስታወት ያየኋት ልጅ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ካርቶን ጆሮዋን ታስተካክላለች። ስልኬን እንኳ ማውጣት ረሳሁ።

ፍየሎቹ ፍሬውን በሉ። ሙዚቃው ጀመረ። ሁለት ዙር እንደጨፈሩ መብራት ጠፋ።

ቴፑ ዝም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አንደኛዋ ፍየል ቆመች፣ ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛው ወንድ ልጅ ነው፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ሚጣ ደግሞ ሕዝቡ ውስጥ ሰው መፈለግ ጀመረች። እኔን ነው ብዬ ከሶፋዬ ብድግ ብዬ እጄን አወጣሁ። ዓይኗ አለፈኝ። አየችኝ እኮ፣ ግን አለፈችኝ። የምትፈልገው በሩ ጋ ነው።

በሩ ጋ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ በዝናብ በስብሰው ቆመዋል። ቆባቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ማጨብጨብ ጀመሩ። ዝም ብለው አይደለም፣ በምት። ዘፈኑ ከቆመበት አነሱት። ሚጣ አንድ ዘለለች። ደገመች። ሦስተኛው ፍየል ጣቱን አወጣ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ፍየሎቹም ያለ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ጨፈሩ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ያውም ከምቱ ወጥቼ።

ሰውዬው የኮንትራት ባጃጅ ሾፌር ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት የሚያደርሷት፣ ማታ የሚመልሷት እሳቸው ናቸው። «አባባ ባጃጅ» ነው የምትላቸው። ልምምዱ ሁሉ ባጃጅ ውስጥ ነበር ለካ። ስንመለስ «የእረኛውንም ድርሻ አውቀዋለሁ፤ ልጁ ቢታመም እኔ እገባ ነበር» አሉኝ። ሚጣ ከኋላ በመሀላችን ተቀምጣ፣ ጅራቷን ጭኔ ላይ ጥላ፣ «አባባ ባጃጅ ሲያጨበጭቡ አየሃቸው?» አለችኝ። አየሁ አልኳት። ቤት ስንደርስ ትንሽ ብር ጨብጬ ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ፣ እጄን መልሰው ወደ ኪሴ አስገቡት። «የሰኔ ተከፍሏል» ብለው ሄዱ።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአራተኛ ክፍሉ የወላጆች ቀን መጣብኝ። ታስታውሳለህ? አባዬ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ፣ መኪናው ተበላሽቶበት ጊቤ በረሃ ላይ አድሯል። እማዬ ደግሞ አራስ ነበረች። እኔ ዛፍ ነበርኩ፤ አንተ ግጥም ነበረህ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋህ። አግዳሚ ወንበር ስለማይበቃ እማማ በርጩማቸውን ከቤት ይዘው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ስወጣ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ለዛፍ! አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ሲስቁ «ለዚህኛውም እኔው ነኝ» አሏቸው። አንተ «ላንተ ነው የበለጠ ያጨበጨበችው» ብለህ እስከ አዌቱ ድልድይ አኩርፈኸኝ ሄደሃል። እውነትህን ነበር፣ አሁን ልመንልህ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚጣን ይዤ እናንተ ቤት ሄድኩ። ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ የሚያስተምር የለም። በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ሳላውቅ እህትህ ራሷ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም ለቀቅኩት። ስለ ዝምታዬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ቡና አፈላች፤ እስከ በረካ ቆየን። አንተም ስልክ አታነሳም አለች። ከኔ ተምረህ እንደሆነ ይቅር በለኝ።

በርጩማው እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። ሦስቱም እግሩ ደህና ነው። ዋንዛው መሀሉ ላይ ሰርጎ፣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ከእማማ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም አለችኝ እህትህ። እሷ ይህን ስትል ሚጣ ሄዳ ቁጭ አለችበት። ልቆጣት ስል እህትህ «ተዋት» አለችኝ። ልጅቷ ፈንዲሻውን ጨርሳ እስክትነሳ ድረስ ተቀመጠችበት።

በርጩማው ያንተ ነው ብላለች። እኔ ቅዳሜ ሐምሌ 5 እበራለሁ። ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀደኝ፣ 23 23 ኪሎ። እማዬ በሽሮና በበርበሬ ሞልታዋለች፤ ቡናውም አለ። በርጩማው እንዲገባ ቡናውን እተወዋለሁ፣ እኔ እንደሆነ ቡና ሳነሳ ነው የምውለው። በርጩማውን ከሀምቡርግ አንተ ወዳለህበት ካልጋሪ በፖስታ እልከዋለሁ። ወይስ ራስህ መጥተህ ትወስደዋለህ? ሻንጣው ዓርብ ማታ ነው የሚታሰረው። ከዚያ በፊት ደውልልኝ። ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ፣ አሁንስ አላፍርም።

ያው ዛፉ፣
ጓደኛህ