ቀዳሚው እጩ «ማሸነፉ አይቀርም» የሚባለው በምን ስሌት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ 2028ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ እጩዎች የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥ፣ በአገር አቀፍ የአስተያየት መጠይቅ የመራውን ሰው ፓርቲው የመረጠው ያህል አድርጋችሁ መጻፋችሁ ግን አልዋጥልኝ ብሏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፓርቲ ቅድመ ምርጫ መላው አገር በአንድ ቀን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ግዛት በግዛት የሚለቀም የልዑካን፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጡ ተወካዮች፣ ቁጥር ነው። ሂላሪ ክሊንተን 2007ን ሙሉ በመጠይቆቹ ሲመሩ ከርመው በ2008 መጀመሪያ አዮዋ ላይ ሦስተኛ ወጡ። ከዚያ የባሰው ፌብሩዋሪ 5 ቀን የሆነው ነው። ክሊንተን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምፅ የሰጠባትን ኒው ጀርሲን አሸነፉ። ዲሞክራቶች ልዑካንን የሚያከፋፍሉት በድምፅ ድርሻ በመሆኑ ኦባማን የበለጡት በ11 ልዑካን ብቻ ነበር። በዚያኑ ዕለት አይዳሆ ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ሰው በተሰበሰበበት ካውከስ (የፓርቲ ደጋፊዎች ተሰብስበው የሚመርጡበት ስብሰባ) ኦባማ 15 ለ3 ወሰዱ፤ የ12 ልዑካን ብልጫ መሆኑ ነው። በየትንንሹ ግዛት እየዞረ ሰው ያደራጀው ዘመቻ ትልቁን ስም በሒሳብ ረታው።

ሪፐብሊካኖች ዘንድ ሕጉ ይለያል፤ በአንዳንድ ግዛት ቀዳሚ የወጣው ልዑካኑን ሁሉ ሊወስድ ይችላል። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ደቡብ ካሮላይና ላይ ሲሶ እንኳ የማይሞላ ድምፅ አግኝተው 50ውንም ልዑካን ጠቅልለው ወሰዱ። ተፎካካሪ በበዛበት ውድድር እንዲህ ያለ ሕግ የቀዳሚውን ዕድል እጅግ ያሰፋዋል። ስለዚህ «ይመራል» ከማለት በፊት በየትኛው ፓርቲ፣ በየትኛው ሕግ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ማን ወጥቶ እንደሚመርጥም መታየት አለበት። ጆ ባይደን በ2020 አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ሲወጡ አበቃላቸው ተብሎ ነበር። የዲሞክራት መራጩ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ በሆነባት ደቡብ ካሮላይና ግማሽ ያህሉን ድምፅ አገኙ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በአንድ ቀን ድምፅ ከሰጡ 14 ግዛቶች 10ሩን አሸነፉ። ደጋፊያቸው ድሮም ነበረ፤ ተራው ገና አልደረሰም ነበር እንጂ።

ይህን የምጽፈው ለክርክር ብቻ አይደለም። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ በፓርቲው ስም ያልተመዘገበ ሰው ዲሞክራትም ሆነ ሪፐብሊካን እጩውን ሲመርጥ ድምፅ የለውም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ወገናችን ግን መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ ከሁለቱ በአንዱ መምረጥ ይችላል። ዜግነት አግኝተው የኖቬምበሩን ዋና ምርጫ ብቻ የሚጠብቁ ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። ነገሩ አልቋል የሚል ዘገባ ሲያነቡ ደግሞ ለመመዝገብም አይነሡም።

እባካችሁ ከቀጣዩ የመጠይቅ ውጤት ጎን የየግዛቱን የምርጫ ቀን፣ የልዑካን አከፋፈሉን ሕግና የምዝገባ ማብቂያውን አውጡልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ