ስሙን እንዳልጠራ ለለመነኝ ወንድማችን፣ ለሌሎቻችሁም ሁሉ

የእናታችን የአርባ ቀን ጸሎት ባለፈው ሳምንት ተደረገ። ከዚያ በፊት ልጽፍላችሁ ፈልጌ ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። እንባ ይቀድመኛል። አሁንም ደህና ሆኛለሁ ብዬ አይደለም፤ ግን ከዚህ በላይ ማዘግየት ነውር ነው።

እንዴት እንደታመመች፣ እንዴት እንዳረፈች አልጽፍም። አብራችሁን ስለነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሩቅ ያላችሁትም ሰምታችሁ ደውላችኋል።

የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከጎጃም ድረስ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የደረሳችሁ ዘመዶቻችን፣ ፍትሐቱን ያደረሳችሁ ካህናት አባቶች፣ የንስሐ አባቷ፣ የጽዋ ማኅበሯ እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በደስታችሁ ብድር መላሽ ያድርገን።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን በአብዛኛው ስለ አንድ ሰው ነው። ቅር እንዳይላችሁ።

ስሙን አልጠራም። ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው መጀመሪያ የለመነኝ ይህንኑ ነው። «ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ተዪኝ እባክሽ» አለኝ። እሺ ብያለሁ። የደብራችን ልጆች ግን ማንን እንደምል ገና ሳልጨርስ ታውቃላችሁ። በየበዓሉ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከምሰሶ ምሰሶ በእግሩ ጣት የሚሄደው ፎቶ አንሺ ነው።

እንጀራው ሠርግ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ሲባል ደግሞ ጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ነው ዋናው ገበያ። የዓመቱን የቤት ኪራይ ከዚያ ነው የሚያወጡት። ደብራችን የቅዱስ ሚካኤል ስለሆነ ታቦታችን የሚገባው በማግሥቱ፣ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው። እሱ ሁለቱንም ቀን ከታቦቱ ጋር ነው። ረዳቱ እንዳጫወተኝ አንዲት ሙሽራ ለጥር 12 እጥፍ ልክፈልህ ብላው «ያን ቀን ተይዣለሁ» ብሎ መለሳት። ማን እንደያዘው ግን አልነገራትም።

በነጻ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ከእጁ የተረፈውን ነው የሚሰጠው። ይህን ክፉ ብዬ አይደለም፣ የተረፈም ቢሆን ስጦታ ነው። እሱ ግን ለሠርግ የሚይዘውን ካሜራ ነው ቤተ ክርስቲያን ይዞ የሚመጣው። ለከፋይ እንደሚያደርገው አንድ በአንድ መርጦ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ ነው የሚያስረክበው። ሎጎውን እንኳ ጥግ ላይ አያኖርም። ካሜራውም ድምፅ የለውም። ፍላሽ አያበራም። ወንጌል ሲነበብና ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ካሜራው ወደ ጀርባው ይዞራል። ጠበል ቦታ የሚጮህ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ አንድም ጊዜ ቀርጾ አያውቅም። ስልካችንን ዘርግተን የፊተኛውን ሰው ትከሻ የምንደገፍ ሁሉ ትንሽ ብንማርበት ምን ነበረበት።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ።

የደብራችን መሪጌታ ያረፉ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶ ከመታወቂያ ላይ ተነሥቶ የተለጠጠ ነበር። ያ ድምፃቸው ቅኔ ማኅሌቱን የሚያናውጥ ሰው ፊታቸው አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ሁላችንም አይተን አለፍን። እሱ ግን አላለፈም። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን አስፈቅዶ አዳራሹን ተረከበ። በጾሙ ሠርግ የለም። ሌላው ፎቶ አንሺ ያን ጊዜ ዕቃውን ያጸዳል፣ ጀርባውን ያሳርፋል። እሱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየጠራ ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የሚያምር ፎቶ፣ በነጻ፣ ታትሞ።

ያን ቀን እማዬን ይዣት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ መብራት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰፊ መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ ጥቁር ጨርቅ። ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነጭ አንሶላ ወጥረው በጎን ቆመዋል። አንሶላው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ነጠላው ነጭ ነው» አለኝ፤ «ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛበት ይመስለውና ሁሉን ነገር ያጨልመዋል። መጀመሪያ የሚጠፋው የእናቶቻችን ፊት ነው። ስለዚህ ካሜራውን አልሰማውም፣ ፊታቸውን አይቼ ነው የምለካው። አንሶላው ደግሞ ከመስኮቱ የመጣውን ብርሃን በዚያኛው ጉንጭ ይመልስልኛል።»

በየበዓሉ በስልካችን ስናነሣት እማዬ ለምን ነጭ ልብስ ላይ የተቀመጠ ጥላ እንደምትመስል ያኔ ገባኝ።

ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጥለቱ ፊት ለፊት እንዲታይ ሁለቴ አዞረችው። ከዚያ እንደ ድሮ ሰው ደረቷን ነፍታ፣ አፏን ገጥማ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አክስቴ ከዳር ሆና «ሳቂ እንጂ!» ትላለች። «ጥርሴን ለማን ላሳይ፣ የለም» አለች እማዬ። እሱ ሳቂ አላላትም። ጭራሽ ካሜራውን ጭኑ ላይ አኖረና ያሳደጋት አገር የት እንደሆነ፣ ለሚካኤል ዝክር ጠላ የምትጠምቀው በስንት ጋን እንደሆነ ይጠይቃት ጀመር። መጀመሪያ ፎቶ የተነሣችው የት እንደሆነ ጠየቃት። ፒያሳ፣ አለችው፣ አባታችሁን ሳላገባ። ያቺን ፎቶ እናውቃታለን፤ ጥቁርና ነጭ ሆና ከንፈሯ ላይ በእጅ ቀይ ቀለም የተቀባላት። ፎቶ ቤቱም በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። እሱ ደግሞ ፒያሳ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ነገሥታቱን ያነሡት የነበሩትን አርመኖቹን የቦያጅያን ቤተሰብ እያነሣ ያወራላት ጀመር።

«እንግዲያ እነሱ ንጉሡን፣ አንተ እኔን» አለችው።

የተነሣችው ይኼን ብላ አፏን ስትገጥም ነው። ሳቁ ከፊቷ ገና አልወጣም።

አክስቴ ስክሪኑን አየችና «የአንገቷን ንቅሳት አጥፋላት፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ይቻላል አሉ» አለችው። እሱ ወደ እማዬ ዞሮ «ምን ይሁን እማማ?» አላት። «ተዉት» አለች። «በልጅነቴ እያለቀስኩ የተነቀስኩት ነው። እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።» ንቅሳቱም፣ የግንባሯ ሽብሽባትም እንዳሉ ቀሩ። ከወንበሩ ስትነሣ ደግሞ ተራ ለሚጠብቁት ጓደኞቿ ጮክ ብላ «ይቺ ለድንኳኔ ትሆናለች» ብላ አረፈችው። አንዷ «አፍሽን ያዢ፣ ሟርተኛ!» አለቻት። ሌሎቹ ሳቁ።

እኔም ስቄያለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ አቆምኩ። ይቅርታ። የጽዋ ማኅበሯን እናቶች ከላይ በአንድ ቃል ማለፌ አሁን ታየኝ። ሦስቱን ቀን ሙሉ ከወገባችሁ ሳትቀመጡ ወጡን የሠራችሁ፣ ሌሊት ከእኛ ጋር ያደራችሁ፣ እኔን በግድ ያጎረሳችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስማችሁን አንድ በአንድ ብጽፍ አንዷን ዘልዬ እንዳላስቀይም ፈራሁ።

ያረፈች ሌሊት ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። ታላቅ ወንድሜ ስልኩን ይገለብጣል፣ እኔም እገለብጣለሁ። አለች፣ ግን ወይ ከሰው ኋላ ናት፣ ወይ ልጅ አቅፋ ጎንበስ ብላለች፣ ወይ ዓይኗን ጨፍናለች። ታትሞ የተሰጣትን ፎቶ ደግሞ ለእህታችን ወደ ሪያድ ልካው ነበር። የፋይዳ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ደግሞ የደነገጠች ሴት ናት፣ እማዬ አይደለችም። ወንድሜ ግን ምን ያድርግ፣ እሱኑ መቁረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያ ሰዓት ሰው አይደወልለትም። ደወልኩ። አነሣ። የክርስትና ስሟን ብቻ ጠየቀኝ፤ ለካ ፎቶዎቹን ሁሉ በክርስትና ስም ነው የሚያስቀምጣቸው፣ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች። «አለችኝ፣ አትጨነቁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እየተመላለሰ አልደወለም፣ አላደከመንም። አራት ኪሎ የሚያውቀውን ማተሚያ ቤት ባለቤት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመ። ፎቶውን በነጠላ ጠቅልሎታል። እርስዎ የማተሚያ ቤቱ ወንድማችን፣ አላውቅዎትም፤ እንቅልፍዎን ስለሰጡን እግዜር ይስጥልን።

ነጠላውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ወንድሜ ሆስፒታል እያለን አላለቀሰም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እሷ ፊት ይቆማል። በሽታው ያከሳት ሴት አይደለችም፣ የምናውቃት ናት፣ አንድ ነገር ተናግራ ዝም ያለች። ያቺ ሟርተኛ ያለቻት ጓደኛዋ ከዘራዋን ተደግፋ መጥታ ፎቶዋን ቆማ አየቻትና «ብለሽ ነበር አይደል፣ አንቺ ሴት» አለቻት። ከዚያ ነው ያ ሁሉ ለቅሶ የተነሣው።

ሪያድ ያለችው እህታችን መምጣት አልቻለችም። አሠሪዎቿ አልፈቀዱም፤ ይኼንንም ታውቃላችሁ። ቀብሩን ማየት እፈልጋለሁ ብላ በስልክ ስታለቅስ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ፎቶ አንሺው ወንድማችን በቀብሩ ቀን የመጣው ካሜራ ሳይዝ ነበር፤ ከዕድሩ ወጣቶች ጋር ወንበር ሲያወርድ ነው ያገኘሁት። የእህቴን ነገር ስነግረው ቤቱ ሄዶ ካሜራውን አመጣ። ከሩቅ ሆኖ፣ ከሰው ኋላ፣ ጥቂት ብቻ አነሣ። የማንንም ፊት ሲያለቅስ አላነሣም። ለእሷ ብቻ ላከላትና «ሌላ ቦታ አይወጣም፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ለቤተሰቡም አልሰጥም» አላት። እህቴ እስከ ዛሬ አላሳየችንም። እኛም አልጠየቅናትም። ሪያድ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ያለቀሳችሁ፣ ከሥራችሁ አምልጣችሁ ቡና ያፈላችሁላት እህቶቻችን፣ አናውቃችሁም ግን በየቀኑ በጸሎት እናነሣችኋለን።

ገንዘቡን ነገር ላንሣው፣ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ። የማተሚያውንም የፍሬሙንም ዋጋ ስንጠይቀው ወሬ ይለውጣል። ወንድሜ ተናዶ በሠልስቱ ቀን ፖስታ ካሜራ ቦርሳው ውስጥ ከተተለት። በማግሥቱ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልን፤ በእማዬ ስም የተቆረጠ የደብሩ ደረሰኝ ነው። ከሥሩ «ሰንበት ትምህርት ቤቱ የፎቶ ወረቀት ይገዛበታል» የሚል ጽሑፍ አለ። ወንድሜ አሁንም ይናደዳል፣ ግን ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ፈቃድ የሰጡን የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን፣ አንሶላውን ወጥረው እጃቸው እስኪዝል የቆሙት ልጆች፣ ዕቃ ሲሸከም የኖረው ረዳቱ፣ እናመሰግናለን። ስማችሁ የቀረ፣ ደክማችሁ ያላየናችሁ፣ በሐዘን ሰላምታችሁን ያልመለስንላችሁ ሁሉ ይቅር በሉን። ያን ሰሞን ዓይናችን ሰው አይለይም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። በዚያ ጾም ወላጆቻችሁ ፎቶ የተነሡላችሁ ቤተሰቦች፣ ያልተወሰዱ ብዙ ፎቶዎች በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ፣ ከመዘምራን ልብስ ቁም ሣጥን አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሮው ክፍት ነው። የክርስትና ስማቸውን ይዛችሁ ኑ፤ ያለዚያ ልጆቹ ማግኘት ይቸግራቸዋል። ገና ያልተነሡ አባትና እናት ያሏችሁም ለሚቀጥለው ጾም እዚያው አስመዝግቡ።

ልጆቿ