የቁጠባ ሒሳብ በአጭር ቁጥር ለሚከፍቱም ውሉ በጽሑፍ ይድረሳቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባንክ ቤት ሳይሰለፉ በመተግበሪያ ወይም በአጭር ቁጥር የቁጠባ ሒሳብ መክፈት መቻሉ በእጅጉ ያስደስተኛል። ሁለቱ መንገዶች ለደንበኛው የሚሰጡት መረጃ ግን እኩል ባለመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በመተግበሪያ የሚመዘገብ ሰው የፋይዳ ቁጥሩንና በአጭር መልእክት የደረሰውን የማረጋገጫ ኮድ ካስገባ በኋላ የስምምነቱን ገጽ ያገኛል፤ ጽሑፉ ቢረዝምም ደጋግሞ ሊያነበው ይችላል። አጭር ቁጥር ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ ለገጠሩ ነዋሪና ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘ ሁሉ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ደንበኛው በአንድ ጊዜ የሚያየው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው፣ ትንሽ ከዘገየም ይቋረጥበታል። ስለዚህ ወለዱ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚታሰብ፣ ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ምን እንደሚደርስበት ሳይረዳ «1ን ይጫኑ» የሚለውን ተጭኖ ሊስማማ ይችላል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው ለቆጣቢው አስቦ ሲሆን፣ የዚህ ተጠቃሚ የሚሆነው ግን ገንዘቡ በእርግጥ በቁጠባ ሒሳብ ውስጥ የተቀመጠለት ሰው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎች በስልካቸው የሚያንቀሳቅሱትን ገንዘብ ሁሉ ቁጠባ አድርገው ያዩታል፤ በዚያው ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር የቀረበው «ሳንዱቅ» ራሱን የቻለ የቁጠባ አገልግሎት መሆኑን ስንቶቻችን ለይተን እናውቃለን?

ከዚህም በላይ «ሒሳብ ልክፈትልዎ» እያሉ ደውለው የምስጢር ቁጥርና ኮድ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች አሉ። ደንበኛው ከባንኩ ምን ዓይነት መልእክት እንደሚደርሰው አስቀድሞ ቢያውቅ እነዚህን ለመለየት አይቸገርም ነበር።

በመሆኑም ባንኮች ደንበኛው ከመስማማቱ በፊት የሒሳቡን ዓይነት፣ ወለዱን፣ የአገልግሎት ክፍያውንና አቤቱታ የሚቀርብበትን ቁጥር ራሱ በመረጠው ቋንቋ በአጭር መልእክት ሊልኩለት፣ ሙሉውን ውል ለጠየቀም በአቅራቢያው ባለ ቅርንጫፍ አትመው ሊሰጡት ይገባል። ብሔራዊ ባንክም ይህን ግዴታ በፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያው ውስጥ በግልጽ እንዲያስቀምጥልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ