ከሥራ የወጡ የቀን ማኅተሞች ወዴት ይሄዳሉ?

ለዓለም ፖስታ ኅብረት ዋና ዳይሬክተር
በርን

ክቡር ሆይ፣

የቆዩ የአየር ፖስታ ኤንቨሎፖችን ከሚሰበስቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። በዚህ ግልጽ ደብዳቤ የማነሣው ጉዳይ አንድ ሲሆን፣ እሱም ፖስታ ቤቶች ከሥራ የሚያወጧቸው የእጅ ቀን ማኅተሞች፣ ማለትም የፖስታ ቤቱን ስምና ቀኑን በደብዳቤ ላይ የሚያትሙት መሣሪያዎች፣ ያለ መዝገብ ወጥተው በገበያ መዘዋወራቸው ነው።

ብርቅ ቴምብር ማንነቱን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ከታተመው ባለ 24 ሳንቲም የአየር ፖስታ ቴምብር በሕዝብ እጅ የገባው አንድ ሉህ፣ ማለትም 100 ፍሬ ብቻ ነበር። ሉሁ ከመበታተኑ በፊት በእያንዳንዱ ጀርባ የቦታው ቁጥር በእርሳስ ስለተጻፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ከአንድ ኤግዚቢሽን ከተሰረቁት አራት ፍሬዎች መካከል ሦስቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲገኙ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ማረጋገጥ ተችሏል።

ኤንቨሎፕ ግን እንዲህ ያለ መታወቂያ የለውም። የተለጠፈበት ቴምብር በሚሊዮን የታተመ ተራ ቴምብር ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩን የሚሸከሙት የመነሻው ማኅተም፣ በረራውን የሚገልጸው ልዩ ማኅተም እና፣ ካለ፣ በጀርባው ያረፈው የመድረሻ ማኅተም ናቸው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1911 ፈረንሳዊው አብራሪ አንሪ ፔኬ በሕንድ ከአላሃባድ ተነሥቶ የያሙናን ወንዝ በመሻገር ወደ ናይኒ ካደረሳቸው 6,500 ያህል ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ከሌላ ተራ ደብዳቤ የሚለየው የአውሮፕላንና የተራራ ምስል ያለበት የበረራው ልዩ ማኅተም ነው።

ማኅተሙ ተቀርጾ የተሠራ ሐሰተኛ ከሆነ ባለሙያ ፊደሉን ለክቶና ከታወቀ እውነተኛ አሻራ ጋር አስተያይቶ ሊደርስበት ይችላል። መሣሪያው ራሱ የፖስታ ቤቱ ከሆነ ግን አጭበርባሪው የሚያስፈልገው የዘመኑን ቴምብርና ያልተጻፈበት አሮጌ ኤንቨሎፕ አግኝቶ ቀኑን ወደ ኋላ ማዞር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የፊደሉ ልክ ለሐሰቱ ምስክር ይሆንለታል፤ ለመርማሪው የሚቀረው ቀለሙና የጉዞው አሳማኝነት ነው። ለዚህ ድካም የሚገፋፋውም ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ሂንደንበርግ የተባለው አየር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በሌክኸርስት ሲቃጠል ከያዘው ከ17,000 በላይ መልእክት ከ400 ያነሰው ብቻ ነው የተረፈው፤ እንዲህ ባለው ጥቂት ነገር ላይ ደግሞ ዋጋው አስመሳዩን ይጠራዋል።

የሚያስገርመው፣ ከሐሰተኞቹ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ከእውነተኞቹ የተሻለ ጥበቃ አግኝተዋል። በማዳም ጆሴፍ ስም የሚታወቁት ከ400 በላይ ሐሰተኛ ማኅተሞች ለንደን በሚገኘው ንጉሣዊ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር እጅ ገብተው አሻራቸው በመታተሙ፣ ባለሙያዎች የተጠራጠሩትን ማኅተም ከዚያ ጋር እያስተያዩ ይለያሉ። ለእውነተኞቹም ይኸው ቢደረግላቸው መልካም ነበር።

ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አባላት የሚያወጧቸውን ቴምብሮች በቁጥር እየመዘገበ ሐሰተኛ እትሞችን ለመለየት ያደረገውን ጥረት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያ መዝገብ የሚመለከተው አዲስ ቴምብርን እንጂ አሮጌ ማኅተምን አይደለም። የእጅ ማኅተም በማሽንና በታተመ ልጣፍ እየተተካ ባለበት በዚህ ጊዜ ብዙ መሣሪያዎች ከመሳቢያ የሚወጡት አሁን ነውና፣ ጉዳዩ ቢዘገይ መልሶ የሚሰበሰብ አይደለም።

ስለዚህ ኅብረቱ ለአባላቱ በሚልከው ሰርኩላር፣ ማንኛውም ማኅተም ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ንጹሕ አሻራው በወረቀት ላይ እንዲወሰድ፣ ያገለገለበት ቢሮና ዘመን እንዲጻፍበት፣ መሣሪያውም ለፖስታ ሙዚየም እንዲሰጥ እንዲጠይቅልን አመለክታለሁ። መሸጡ ግድ ከሆነ ፊቱ ላይ ጥልቅ ጭረት ይደረግበት፤ ለጌጥ የሚገዛው ሰው በዚህ የሚያጣው ነገር የለም። አሻራዎቹ ለመርማሪዎች ክፍት ሆነው ቢቀመጡ ደግሞ የጠፉት መሣሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ እንኳ ይታወቃል። ወጪው የቀለም፣ የወረቀትና የአንድ ጸሐፊ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ በፖስታ ሥራዎች ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ እየጠየቅሁ፣ እኔም በስብስቤ ውስጥ ያሉትን የማኅተም አሻራዎች ቅጂ ለመዝገቡ ለመስጠት ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአየር ፖስታ ሰብሳቢ