ብሬከሩን በትልቅ አትቀይሪው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሱቅሽ መከፈት ደስታዋ ገና አልወጣላትም፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች።

የገዛሽውን ቫሪያክ፣ ያንን መዘውሩ ሲዞር የሚወጣውን ቮልት ከዜሮ ጀምሮ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ትራንስፎርመር፣ ባበራሽ ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ ጎረቤቶችሽን መብራት እንደሚያሳጣቸው የጻፍሽልኝን አነበብኩ። አንድ ሰው «በ32 አምፔር ቀይሪውና ተገላገዪ» ያለሽ ነገር ግን አሳስቦኛል። እናቴ፣ እባክሽ ይህን እንዳታደርጊ። ብሬከሩ የተቀመጠው ግድግዳ ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ሊጠብቅ ነው። ሽቦሽ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ ብሬከሩ 32 አምፔር ከሆነ፣ ጭነት ሲበዛ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ግድግዳው ውስጥ ይግላል።

«ዜሮ ላይ አድርጌ ሳበራውም ይወርዳል» ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል፤ በደንብ አስተውለሻል። መዘውሩ የሚያንቀሳቅሰው በጥምጥሙ ላይ እየተንሸራተተ ቮልቱን የሚቀበለውን የካርቦን ብሩሽ ነው፤ የሚለወጠው የሚወጣው ቮልት ብቻ ነው። የሚገባው 220 ቮልት መዘውሩ የትም ይሁን የት በጥምጥሙ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ችግሩ ያለው ሽቦው በተጠመጠመበት ብረት ነው።

ቫሪያኩ በሥራ ላይ እያለ በብረቱ ውስጥ ያለው የማግኔት ፍሰት በየግማሽ ዑደቱ ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይኛው ይሄዳል። ማብሪያውን ስትጫኚ ግን መነሻው ዜሮ ነው። ቮልቴጁ ዜሮን በሚያልፍበት ቅጽበት ካበራሽው፣ በመጀመሪያው 10 ሚሊ ሰከንድ ፍሰቱ ከተለመደው ጫፍ እጥፍ ሊደርስ ይገፋል። ባለፈው ስታጠፊው የቀረ ማግኔትነት በዚያው አቅጣጫ ካገኘው ደግሞ ይብሳል። ብረቱ ይህን ያህል መሸከም ስለማይችል ይሞላል፤ ሲሞላ ጥምጥሙ ተራ የመዳብ ሽቦ ይሆንና ከራሱ ከሽቦው ሬዚስታንስ በቀር ከረንቱን የሚገታው አይኖርም። ቫሪያክ ቀለበት ቅርጽ ስለሆነ በብረቱ መሃል ክፍተት የለውም፤ ማግኔትነቱ ይቀርበታል፣ መዳቡም ወፍራም ነው። አንዳንዴ ብሬከሩን ሳያወርድ የሚነሳው ማብሪያውን የተጫንሽበት ቅጽበት ስለገጠመ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከማብሪያው ቀጥሎ 47 ኦም የሆነ ባለ ሴራሚክ የሽቦ ሬዚስተር በሲሪየስ፣ ማለትም ከረንቱ በእሱ በኩል አልፎ ወደ ቫሪያኩ እንዲገባ አድርጎ፣ ማስገባት ነው። የ220 ቮልት ጫፉ 311 ቮልት ስለሆነ፣ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ ከ7 አምፔር አያልፍም። ከግማሽ ሰከንድ ያህል በኋላ ባለ ታይመር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ከረንቱ ሬዚስተሩን ትቶ በአቋራጭ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሪሌው አቋራጩን ሳያገናኝ ምንም ጭነት አታብሪ። ሪሌው ቢበላሽ ሬዚስተሩ መጋሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ገላው ላይ የሙቀት ፊውዝ፣ ሲግል መስመሩን የሚቆርጠውን፣ አስጠግተሽ እሰሪ። ይህን እስክትሠሪ በዚያ ለሬዲዮ መፈተሻ በምትጠቀሚበት በ100 ዋት አምፖል በኩል አስነሺው፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ በሌላ ማብሪያ እለፊው።

ኤንቲሲ የሚሉትን ቴርሚስተር፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንሰውን፣ ይመክሩሽ ይሆናል። ለፓወር ሰፕላይ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አልወደውም። ጭነት በሌለበት ቫሪያኩ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ሳይሞቅ ይቀራል፤ በጭነት ሞቆ ሳለ አጥፍተሽ ወዲያው ብታበሪ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ያገኘዋልና አይከላከልልሽም። ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን የሚያበራውን ሶሊድ ስቴት ሪሌም (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለውን ሪሌ) እንዳትገዢ። ለምድጃ የተመቸ ነው፤ ለትራንስፎርመር ግን አሁን የነገርኩሽን ክፉ ቅጽበት በየጊዜው መርጦ የሚያበራ ነው። አምፔሩን ሳትነኪ ብሬከሩን ከቢ ዓይነት ወደ ሲ መቀየር ይቻላል፤ ቢ ከተጻፈበት አምፔር በ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ሲ በ5 እስከ 10 እጥፍ ነው ወዲያው የሚወርደው። ለትልቅ ቫሪያክ ግን እሱም ላይበቃ ይችላል።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ቫሪያክ መግቢያውና መውጫው አንድ ጥምጥም ስለሆነ ከመብራት መስመሩ አይለይሽም። የኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል፤ ያኔ መዘውሩ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ ሁለቱም የመውጫ ጫፎች ፌዝ፣ ማለትም የሚነዝረው መስመር፣ ይሆናሉ። ማብሪያውን ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ አድርጊው። የተከፈተ ሬዲዮ ስትነኪ ከቫሪያኩ በኋላ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር፣ መግቢያና መውጫ ጥምጥሙ የተለያየውን፣ ይኑርሽ፤ ከዜሮ ቀስ እያልሽ ስለምታሳድጊው እሱ ሲነሳ አያስቸግርሽም።

ሬዚስተሩንና ሪሌውን ከመበየድሽ በፊት ስዕሉን በስልክ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ