አባዬ፣ ኮትህን አትላክልኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ማንበብ ጀምራ የታክሲ ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ትንሹ ከረባቴን የጎረቤት ውሻ መጎተቻ አድርጎታል።

ስለ አዲሱ የኢንሹራንስ ሥራ ጠይቀኸኝ ነበር። ሥራው አልከበደኝም። የተጋጨ መኪና ፓራውልቱ ብቻ ይጎዳ ሻንሲውም ይጣመም፣ ድሮም የምለየው ነው። ያስቸገረኝ ልብሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጋራዥ ውስጥ በቱታ ኖሬ አሁን ሱፍና ከረባት! የኮዬ ፈጬን አፈር ታውቀዋለህ፣ ዋልካ ነው፣ ክረምቱን በሙሉ በቦት ጫማ እየወጣሁ ጥቁሩን ጫማ በፌስታል ይዤ ቢሮ በር ላይ ስቀይር ነው የከረምኩት። የኮቱ እጅጌ ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ጽሑፍና ከኋላ ቅዱ ላይ ለጊዜው የሚሰፋውን መስቀለኛ ስፌት ግን ወዲያው ፈታሁት። አንተ የራስህን እስከ ጡረታ አልፈታኸውም፣ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ።

አንድ ቀን የተጋጨች ዶልፊን ሚኒባስ እንዳይ ተልኬ፣ እንደ ልማዴ ከሥር ልገባ ተንበረከክሁ። ባለቤቱ «ኧረ ጌታዬ፣ ልብስዎ!» አለኝ። ጌታዬ! በቱታ ቢያየኝ «አንተ፣ ና እስቲ» ነበር የሚለኝ።

እማዬ እንደነገረችኝ እድር ላይ ሁሉ «ልጄ ኢንሹራንስ ነው የሚሠራው» እያልክ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ግን በእህቴ ሰርግ ጓደኞችህ «ይሄኛውስ ምን ይሠራል?» ሲሉህ «እየተማረ ነው» ያልካቸውን ከኋላህ ቆሜ ሰምቻለሁ። ያኔ ጋራዥ ከገባሁ ቆይቻለሁ። የድንኳኑንም የበሬውንም ሂሳብ የከፈለው ያ ግራሶ የማይለቀው እጅ ነው። አንስቼብህ አላውቅም። ዛሬም ባላነሳው ይሻል ነበር ይሆናል። ግን አባዬ፣ ያኮራሁህ እኔ ነኝ ወይስ ሱፉ?

አሁን ደግሞ ጥቁር ሰማያዊውን ሱፍህን በሰው ልልክልህ ነው ትለኛለህ። ለምን? በትከሻ እንደምበልጥህ ታውቃለህ፣ እጅጌና ወገብ ይስተካከላል እንጂ የኮት ትከሻ ማስተካከል ለልብስ ሰፊም ራስ ምታት ነው። ሰዓትህን ለወንድሜ ሰጠህ። መጻሕፍትህን ለጎረቤት ልጅ። በዚህ በኅዳር፣ በደሴ ብርድ፣ ኮቱን የሚሰጥ ሰው ምን እያሰበ ነው? እማዬን ስጠይቃት «እስቲ ልጆቹን አቅርብልኝ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

የስኳር መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ? የደም ምርመራውስ ምን አለ? ገንዘብ ከሆነ ንገረኝ፣ ዘንድሮ አልተቸገርኩም። ቀጠሮውን ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳትተወው፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ኮቱን ግን ራስህ ለብሰኸው ለገና ና። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ ላምበረት መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ከዚያ በፊት የምርመራውን ውጤት አንተው ደውለህ ንገረኝ፣ በእማዬ በኩል አይደለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።